ለኮረኮንች መንገድ ብስክሌት የሚያዘጋጅ የባሕር ዳር ጥገና ቤት

በባሕር ዳር የሚከራይ ብስክሌት ማግኘት አያስቸግርም። ከተማዋ ሜዳማ፣ ጎዳናዎቿም ሰፋፊና ዘንባባ የተተከለባቸው በመሆናቸው ተማሪውም ሠራተኛውም ብስክሌት ሲነዳ ኖሯል። ከአስፋልት ወጥቶ ገረጋንቲና ድንጋይ በበዛበት መንገድ ቀኑን ሙሉ የሚታመን ብስክሌት ግን በየኪራይ ቤቱ አይገኝም። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ፣ ታፔላ እንኳ ያልሰቀለ አንድ ትንሽ የጥገናና የኪራይ ቤት ይህን ሥራ በትጋት ስለያዘው፣ የአገልግሎቱን ብርታትና ጉድለት ለብስክሌት ወዳጆች ላካፍል ወደድሁ።

በኮረኮንች መንገድ የሚደረግ የብስክሌት ውድድር በሌላው ዓለም ብዙ ተከታይ አፍርቷል። ለምሳሌ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በበረዶ መንሸራተቻዎቿ በምትታወቀው የስቲምቦት ስፕሪንግስ የመዝናኛ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ውድድር ረጅሙ መስመር ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,050 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ከዝቅተኛ ቦታ የሚመጡ ተወዳዳሪዎች አየሩን እስኪለምዱ ድረስ ይቸገራሉ። ባሕር ዳርም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። የጣና ዳር ወጣት ተወልዶ ያደገው በዚሁ አየር ነው፣ ኮረኮንቹም ከደጁ ይጀምራል፤ ጎድሎት የቆየው ለመንገዱ የተሰናዳ ብስክሌት ነው።

የቤቱ ብስክሌቶች አዲስ አይደሉም። ባለ 26 ኢንች ያገለገሉ የተራራ ብስክሌቶች ሲሆኑ፣ ባለሙያው፣ ረዳቶቹ «ጋሼ» የሚሏቸው ጎልማሳ፣ ኩሽኔታቸውንና ካቴናቸውን ቀይረው፣ ጥርሱ ያለቀውን ጎማ አውልቀው፣ መሐሉ ለስለስ ያለ ጎኑ ግን የሚቆነጥጥ ጎማ አልብሰዋቸዋል። ደንበኛው ከመውጣቱ በፊት የሚሄድበትን መንገድና ክብደቱን ይጠይቃሉ። የመቀመጫውን ከፍታ በእግሩ ልክ ያስተካክላሉ። ከዚያም ቸርኬውን አሽከርክረው፣ ራጂዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ ድምፃቸውን ያዳምጣሉ፤ የላላ ካለ እዚያው ያጠብቁታል።

ከሁሉ ይበልጥ ያደነቅሁት ለጎማ አነፋፍ የሚሰጡት ጥንቃቄ ነው። በከተማችን ጎማ ደህና ተነፋ የሚባለው እንደ ድንጋይ ሲጠጥር ነው፤ በኮረኮንች ላይ ግን የጠጠረ ጎማ በየድንጋዩ እየነጠረ መሬት አይቆነጥጥም፣ የነጂውንም እጅና ወገብ ያደክማል። በአንጻሩ ከልክ በላይ የለሰለሰ እንደሆነ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን በሁለት ቦታ ይበሳል። በጣና ዙሪያ ያለው ድንጋይ አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ በመሆኑና ሲሰባበር ጠርዙ ስለት ስለሚያወጣ፣ ይህ አደጋ በእኛ መንገድ የተለመደ ነው። ጋሼ በመለኪያ እያዩ የፊቱን ጎማ 2 ባር ገደማ፣ አብዛኛውን ክብደት የሚሸከመውን የኋላውን ደግሞ ትንሽ ከፍ አድርገው ነፉልኝና፣ «መንገድ ላይ ጎሚስታ ቢያገኙም እንዳያስጨምሩበት» ሲሉ አስጠነቀቁኝ።

ብስክሌቱን የሞከርሁት በጢስ ዓባይ አቅጣጫ፣ ከዋናው መንገድ እየወጣሁ በገበሬ መንገዶች ነው። ልቅ ጠጠር የተከመረበት ቁልቁለት ጥምዝ ላይ የፊቱ ጎማ ሳይንሸራተት መስመሩን ያዘ። ከብቶች ድንገት መንገዱን ሲያቋርጡም ፍሬኑ ሳይጮኽ፣ ሳይነክስም በልኩ አቆመኝ። ቀደም ሲል ከሌላ ቤት የተከራየሁት ብስክሌት የፍሬን ላስቲኩ አልቆ ቁልቁለቱን በእግሬ እንድወርድ ስላስገደደኝ፣ ልዩነቱ ጎልቶ ተሰምቶኛል። በተመለስሁ ጊዜ ካቴናው በአቧራ ነጥቶ ነበር፤ ረዳቱ ሒሳብ ከመቀበሉ በፊት በጨርቅ ጠርጎ ዘይት ሲቀባው ማየቴ በቤቱ ላይ ያለኝን እምነት አጠንክሮታል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። የራስ ቆቡ ሁሉ በአንድ ልክ የተሠራ በመሆኑ ራሱ አነስ ላለ ሰው ይዋልላል፤ ይህ ለደኅንነት የሚያሰጋ ስለሆነ ቤቱ በቶሎ ሊያርመው ይገባል። አጠር ላለ ሰው፣ በተለይም ለብዙ ሴቶች የሚመጥን ፍሬም አንድም አላየሁም። ሴቶች በብስክሌት ሥራና ትምህርት ቤት በሚመላለሱባት ከተማ ይህን ቸል ማለት አያስመሰግንም። ለሁለት ሰው አንድ መንፊያና አንድ ትርፍ ከመነዳሪ ብቻ መሰጠቱም ከከተማ ርቆ ለሚሄድ አይበቃም። ኪራዩ ከተራው ብስክሌት እጥፍ ይጠጋል፤ ከተሠራው ሥራ አንጻር ግን አልበዛብኝም፣ ደረሰኝ ቢሰጥበት ደግሞ የተሻለ ነበር።

በክረምት ገረጋንቲ ያልለበሰው መንገድ ዋልካ ስለሚሆንና ጭቃው በጎማና በፍሬም መካከል ተጠቅጥቆ ማርሹን ስለሚሰብር፣ ቤቱ ለገበሬ መንገዶች የሚያከራየው መሬቱ ከደረቀ በኋላ ነው። ገቢው ቢቀርበትም ይህን መወሰኑ ትክክል ይመስለኛል። ከጥቅምት ወዲህ መሄድ የሚፈልግ ሰው ብስክሌቱ በልኩ እንዲሰናዳለት በዋዜማው ሄዶ ቢያስመዘግብ፣ የሚስማማው የራስ ቆብ ካለውም ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።