የኮነቲከት የእንጨት ሰዓት፦ ሊገዛው ለሚያስብ

አሜሪካ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ሳለች በኮነቲከት ትንንሽ ከተሞች የተሠሩ ባለ ረጅም ሣጥን ሰዓቶች ዛሬም በጨረታና በአሮጌ ዕቃ መደብሮች ይገኛሉ። ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1773 ከእንግሊዝ መጥቶ ኖርዊች ከተማ የከተመው ቶማስ ሃርላንድ ይሠራው የነበረው፣ አንዴ ከተሞላ 8 ቀን የሚሄደው የናስ ሰዓት ነው። ሌላው እነ ቤንጃሚን ቼኒ በኢስት ሃርትፎርድ የሠሩት፣ የውስጥ ጎማዎቹ ከእንጨት የተቆረጡ፣ በየቀኑ የሚሞላው ባለ 30 ሰዓቱ የእንጨት ሰዓት ነው። ስለ ናሱ ብዙ የሚባል የለም፤ አቅም ካለ ይገዛል። የእንጨቱ ግን ያለ አግባብ ይናቃል። ናስ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ዕቃ ስለነበር እንጂ ሠሪዎቹ ሙያ አንሷቸው እንጨት አልመረጡም።

ሲገዙ ሣጥኑ አያማልል። ሣጥኑን የሚሠራው አናጢ ነበር፤ ብዙ ሰው ማሽኑን ብቻ ገዝቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅል ነበር። ስለዚህ የአንዱ ማሽን በሌላው ሣጥን ገብቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። ማሽኑ የተቀመጠበት ጣውላ ሥር ትርፍ ቀዳዳ ወይም አዲስ ሽብልቅ ካለ፣ የሰዓቱ ፊትም ከበሩ መስኮት ጋር ካልገጠመ ዋጋው መውረድ አለበት። ፊቱ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ ቢታይም ቁልፍ አይፈለግ፤ የ8 ቀኑን ለመምሰል የተሣለ ጌጥ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰዓት የሚሞላው ሣጥኑን ከፍቶ ገመዱን በመሳብ ነው።

ዋናው ምርመራ በማሽኑ ጎማዎች ጥርሶች ላይ ነው። ጎማው ከአንድ ጣውላ ስለሚቆረጥ በሁለት ጎኖቹ ያሉት ጥርሶች የእንጨቱ ጭረት (የተፈጥሮ መስመሩ) በአግድም ያልፍባቸዋል፤ የሚሰበሩትም እነዚያው ናቸው። አንድ ሁለት ጥርስ መሰበሩ አያስፈራም፦ ቦታው ተቦርቡሮ፣ ጭረቱ ወደ ጎማው መሐል የሚያመራ የቼሪ እንጨት ቁራጭ ከቆዳ በተሠራ ሙጫ ይጣበቅና በሞረድ ይስተካከላል። የዘመኑ ፕላስቲክ ሙጫ አይሁን፤ ነገ ማላቀቅ አይቻልም። የእንጨት ጥርሱ ዘይት የተቀባ ሰዓት ግን አለመግዛት ይሻላል። ዘይቱ አቧራ ይዞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈጋዋል። ዘይት የሚነካው ብረት ከብረት ወይም ከናስ የሚፋተግበት ቦታ ብቻ ነው፣ እሱም በመርፌ ጫፍ።

በእርጥበት ወራት ቢቆም አይገርምም፤ እንጨት በጭረቱ አግድም ስለሚያብጥ ጎማው ክብነቱን ያጣል። ማሞቂያ አጠገብ ማስቀመጥ ደግሞ ይሰነጥቀዋል።

የደወሉ ነገር ለኛ ሰው ደስ ይላል። ስንት ጊዜ እንደሚመታ የሚወስነው ጠርዙ የተቆረጠ ጎማ እንጂ የእጆቹ አቀማመጥ አይደለም። ሳያስደውሉ እጆቹን ካዞሩ ይዛባል፤ ለማስተካከል ደወሉን የሚያስነሳውን ማንሻ እየነኩ ማስደወል ነው። በዚሁ መንገድ እጆቹ በፈረንጅ 12 ላይ ሳሉ ደወሉ በሐበሻ 6 እንዲመታ ማድረግ ይቻላል።

ማወዛወዣው (ወዲያ ወዲህ የሚለው ዘንግ) በሴኮንድ አንዴ የሚመታ ከሆነ ርዝመቱ 99.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በቀን 1 ደቂቃ ከዘገየ በ1.4 ሚሊ ሜትር ያህል ማሳጠር ይበቃል። ምቱ ካነከሰ፣ ማለትም በእኩል ልዩነት ካልተሰማ፣ ሣጥኑ ዘሟል ማለት ነው። በገመዱ ተንጠልጥለው ሰዓቱን የሚያስኬዱት ክብደቶች ወርደው ከማወዛወዣው እኩል ሲደርሱ ሰዓቱ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ማሽኑ አይነካ፤ ክብደቶቹ አብረው እየተወዛወዙ ጉልበቱን ስለሚበሉት ነው። ሣጥኑን ከጀርባው በብሎን ከግድግዳ ጋር ማሰር ነው።