ለቡራዩው ባለሙያ ምስጋና፣ የአባት ጎራዴ ላላችሁ ጥቆማ

የአያቴን ጎራዴ ከዝገት ያተረፉልንን የቡራዩ ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግን ነው። ቤታችሁ የአባት የአያት ጎራዴ ወይም ጦር ካለ ደግሞ ጥቆማዬን ያዙልኝ።

ጎራዴው ለዓመታት አፎቱ ውስጥ እንደተሰካ ቁም ሳጥን ላይ ኖሯል። ስለቱ ዝጎ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል፤ የቀንድ እጀታውም ተሰንጥቋል። አንድ ብረታ ብረት ቤት «በግራይንደር እናብለጭልጨዋለን» ሲሉን እናቴ እምቢ አለች። እግዜር ይስጣት!

ጋሼ ግን (ስማቸው እንዲጠራ አይፈልጉም) መጀመሪያ ስለቱን ዘይት ቀብተው አሳደሩት። ከዚያ ዝገቱን የፋቁት በምን መሰላችሁ? በጃንሆይ ዘመን የመዳብ ሳንቲም! መዳብ ከስለቱ ብረት ስለሚለሰልስ ዝገቱን ያነሳል እንጂ አይጭርም። በጣት ስፋት፣ በጣት ስፋት እየፋቁ፣ እየወለወሉ ሄዱ። መጀመሪያ የአንበሳው ጭራ ታየ፣ ቀጥሎ ዘውዱ፣ ከዚያ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ጽሑፍ። እናቴ እልል አለች። በግራይንደር ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ከዝገቱ ጋር ተጠርጎ ይሄድ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ የጎራዴ ስለት ከጀርመኗ ዞሊንገን ተሠርቶ ይመጣ እንደነበርም የነገሩን እሳቸው ናቸው።

ቀዩን ዝገት ካስለቀቁ በኋላ ጥቁሩን ጠባሳ ሆን ብለው ተዉት። «እሱን ላጥፋ ካልኩ ብረቱን ራሱን መቀነስ አለብኝ» አሉን። እኔን ያሸነፈኝ ይሄ ነው። መንካት የሌለበትን የሚያውቅ ባለሙያ ብርቅ ነው። የእጀታውን ስንጥቅ በቀንድ ብናኝና በማጣበቂያ ሞልተውታል፤ በጣት ካልዳሰሱት አይታወቅም።

ሲያስረክቡን «ስለቱን አፎቱ ውስጥ አታኑሩት» ብለው አደራ አሉን። ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ብረቱን የሚያዝገው እሱ ነው። ዘይት በነካ ጨርቅ አልፎ አልፎ መወልወል፣ ለየብቻ ማስቀመጥ፣ በቃ።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሳደብ እኔን ሰደበ ብለው አውጀው ነበር። ዛሬም ብረት ሠራተኛን በክፉ ስም የሚጠራ አለ፤ ያሳዝነኛል። እኔ ግን እኚህን ሰው አባቴ ብዬ ነው የምጠራቸው።

ዋጋ ዕቃውን ሳያዩ አይናገሩም፣ አይቸኩሉምም። ለበዓል ካሰባችሁ ቀደም ብላችሁ ውሰዱላቸው። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።