የልጄን አይን ያስመረመርንበት ክሊኒክ፣ ከ5 ኮከብ 4

ልጆቻችሁ ኳስ የሚጫወቱ ወላጆች ይሄን አንብቡልኝ። እዚህ ሜሪላንድ ሁለት ወር ገደማ ይሆነዋል፣ የ13 አመት ልጄ በቴስታ ሲሻማ ከሌላ ልጅ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭተው ወደቀ፣ ተነሳና ደህና ነኝ አለኝ፣ ማታ ላይ ግን መብራቱን አጥፉልኝ ምናምን ሲል እናቱ በቃ እንሂድ አለች። ኢመርጀንሲ ሲቲ ስካን ተነስቶ ምንም የለውም ተባልን። ለካ ሲቲ የሚያሳየው ደም መፍሰስና ስብራት ነው እንጂ ኮንከሽን (ጭንቅላት ሲመታ አንጎል ተናግቶ የሚመጣ ጉዳት) ብዙ ጊዜ አይታይበትም!

በሶስተኛው ቀን የሄድንበት ክሊኒክ አይቦክስ የሚባል፣ ኮንከሽንን በአይን እንቅስቃሴ የሚፈትሽ ማሽን አላቸው። አገጭህን አስደግፈህ ስክሪኑ ላይ ጠርዝ ጠርዙን የምትዞር ትንሽዬ ቪዲዮ በአይንህ መከተል ነው፣ 4 ደቂቃ አይሞላም፣ ካሜራው ደግሞ ሁለቱ አይኖች አብረው እኩል እየሄዱ መሆኑን ይለካል። ልጄ ደበረኝ ከማለት ውጪ ምንም አላለም።

በጣም የተመቸኝ ልጁ ሳይመታ በፊት ቀድሞ መለካት አለመፈለጉ ነው። ት/ቤት ለኮንከሽን የሚሰጡት የኮምፒውተር ፈተና ሲዝን ሳይጀመር ካመጣኸው ውጤት ጋር ነው የሚወዳደረው፣ ጎረምሶቹ ታዲያ በኋላ ቢመቱ እንዳይነቃባቸው መጀመሪያውኑ ሆን ብለው ይሳሳታሉ (የኔውም እንደዛ ማድረጉን መኪና ውስጥ ነገረኝ፣ ልሳቅ ልቆጣ ግራ ገባኝ)።

ግን ማሽኑን እንደ ጠንቋይ አትዩት። ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድኃኒትና የህክምና መሳሪያ ተቆጣጣሪ) በ2018 ሲፈቅደው ከ5 እስከ 67 አመት ላሉ ሰዎች፣ ከተመቱ በ1 ሳምንት ውስጥ፣ ከሐኪም ምርመራ ጋር ተደርቦ እንዲሰራ ነው፣ ኮንከሽን የሌለበት ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። የልጄ ፖዘቲቭ ወጣ፣ ዶክተሯ ግን በዛ ብቻ አልወሰነችም፣ በመስመር አስኬደችው፣ ቃላት አስደገመችው፣ ከዛ ነው ኳስ የከለከለችው። ሲቲን ይተካል ብላችሁም እንዳትሸወዱ፣ ልጅ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይ አልነቃ ካለ ቀጥታ ኢመርጀንሲ ነው።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት ለሪሴፕሽኑ ነው። ኢንሹራንስ ይሸፍናል ወይ ብዬ ስጠይቅ ችግር የለም ተባልኩ፣ ከወር በኋላ የክፍያ ሂሳቡ ቤቴ መጣ፣ ስደውልላቸው ደግሞ ኢንሹራንስህን ጠይቅ። እናንተ በጽሁፍ አስመልሷቸው።

ልጁ ሜዳ ተመልሷል፣ ቴስታ ግን እናቱ ከልክላዋለች፣ እሷ መስመር ዳር ከቆመች ኳስ አናቱ ላይ ስትመጣ ጎንበስ ይላል።