ጋሌ ወይስ ላሊክ? የድሮ የፈረንሳይ ብርጭቆና ጌጥ ለመግዛት ላሰበ ሰው

መስኮት አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዕቃዎች ቆመዋል እንበል። አንዱ የኤሚል ጋሌ ስም ያለበት የአበባ ማስቀመጫ ነው፤ ቢጫ መደቡ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ቅጠሎችና አበቦች ከፍ ከፍ ብለው ወጥተዋል። ሌላው የሬኔ ላሊክ ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል፣ ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ይመስላል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፣ ኪስዎ የሚችለው ግን አንዱን ብቻ ነው። የትኛውን ይዘው ቢወጡ ይሻላል? እኔ ላሊክን ይውሰዱ እላለሁ። ጋሌን ስለማልወድ አይደለም፤ በጣም እወደዋለሁ። ምክንያቴ ሌላ ነው።

ጋሌ በምሥራቅ ፈረንሳይ በናንሲ ከተማ በ1846 ተወልዶ እዚያው በ1904 ሞተ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕፅዋትን በጥልቀት ያጠና ሰው ስለነበር ብርጭቆው ላይ ያለውን አበባ አይተው የአበባውን ዓይነት መለየት ይችላሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ነፊው አንዱን ቀለም ብርጭቆ በሌላው ላይ እየደረበ ይነፋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ሠዓሊ ቅጠሉንና አበባውን አሲድ በማይነካው ቅባት ይሥልበታል፣ ከዚያ ዕቃው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ውስጥ ይነከራል። ቅባት ያልሸፈነውን አሲዱ ይበላዋል፤ የተሸፈነው ከፍ ብሎ ይቀራል። በጣትዎ ሲዳስሱት የቅጠሉ ጠርዝ እንደ ትንሽ ደረጃ ይሰማዎታል። ምርጥ የሆኑት ዕቃዎች ላይ ደግሞ ከአሲዱ በኋላ ሠራተኛው በሚሽከረከር መቅረጫ የቅጠሉን ሥር አንድ በአንድ ያወጣዋል።

ችግሩ ያለው ከ1904 በኋላ ነው። ባለሙያው ሲሞት ፋብሪካው አልተዘጋም። መጀመሪያ ሚስቱ ሄንሪየት፣ ቀጥሎ አማቹ ፖል ፔርድሪዜ እየመሩት እስከ 1931 ድረስ ብርጭቆ ሲሠራ ቆይቷል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከስሙ ጎን ትንሽ ኮከብ ይደረግ ነበር፤ ኋላ ኮከቡም ቀረ፣ ስሙ ብቻ ቀጠለ። ስለዚህ ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ የሚቀርብልዎት የጋሌ ማስቀመጫ በአብዛኛው ጋሌ ራሱ በዓይኑ ያላየው ዕቃ ነው። ቆንጆ ሊሆን ይችላል፣ ግን የእሱ እጅም ክትትልም ያረፈበት አይደለም። እሱ ራሱ የተጨነቀባቸው ሥራዎች ከሙዚየምና ከትልልቅ ጨረታዎች አይወጡም።

ላሊክ ጋ ነገሩ ይገለበጣል። በ1860 በሻምፓኝ አገር አይ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፣ በ16 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሉዊ ኦኮክ የተባለ ጌጣጌጥ ሠሪ ዘንድ ለሙያ ገባ። በ1900 ፓሪስ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ ትርኢት ሲከፈት ከአገሩ ጌጥ ሠሪዎች ስሙ በጣም የገነነው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ልቡ ወደ ብርጭቆ የሄደው። ሽቶ ነጋዴው ፍራንሷ ኮቲ ጠርሙስ እንዲነድፍለት ጠየቀው። በ1909 ፓሪስ አቅራቢያ ኮም-ላ-ቪል ያለውን የብርጭቆ ፋብሪካ ተከራየ፣ በ1913 ገዛው፤ በ1921 ደግሞ አልዛስ ውስጥ ቪንገን-ሱር-ሞደር ላይ ትልቅ ፋብሪካ አቋቋመ። እዚያ የሚሠራው ዕቃ በብረት ፎርማ የሚታተም ወይም ፎርማ ውስጥ የሚነፋ ነበር። ይህንን ያሰበበት ራሱ ነው፤ ጥሩ ዕቃ ብዙ ቤት እንዲገባ ፈለገ። እስከ 1945፣ እስከ ሕልፈቱ ድረስ ንድፉ በአብዛኛው የእሱ ነው። በ1920ዎቹ በፎርማ የወጣ አንድ የላሊክ ሳህን ሲገዙ እንግዲህ የሰውየውን ሙሉ ሐሳብ ነው የሚገዙት። በአነስተኛ ገንዘብ ከዋናው ሰው ጋር የሚገናኙበት መንገድ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ያንን ሳህን ከጠረጴዛው ያንሱት። ከጎን ብርሃን ሲያርፍበት ሰማያዊ ነው፤ የንጋት ጭጋግ ዓይነት ሰማያዊ። መስኮቱ ፊት ከፍ አድርገው በውስጡ ሲያዩ ደግሞ ማር ይሆናል። አንድ ዕቃ፣ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ቀለም። ምንም ቀለም አልተቀባም። ብርጭቆው ውስጥ የገቡት እንደ ፎስፌት ያሉ ነገሮች ሲቀዘቅዝ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ስለሚፈጥሩ፣ ሰማያዊው ብርሃን ወደ ዓይንዎ ይበተናል፣ ቢጫና ቀዩ ያልፋል። ሰማይ በቀን ሰማያዊ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቀይ የሚሆነው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ወፍራም በሆነበት ቦታ፣ ለምሳሌ ሳህኑ ላይ የወጣ ዓሣ ሆድ ወይም የአበባ እምብርት ላይ፣ ወተቱ ይጠልቃል፤ ስስ ጠርዙ ላይ ጥርት ይላል። ላሊክ ንድፉን ሲያወጣ ይህን አስልቶ ነው የሚያወፍረውና የሚያሳሳው። ሻጩ መብራት ሥር ብቻ ካሳየዎት ወደ ደጅ ይዘውት እንዲወጡ ይጠይቁ።

ቤትዎ ጨለም ያለ ከሆነ ግን ምክሬን ትንሽ አሻሽላለሁ። የላሊክ ወተታማ ብርጭቆ ብርሃን ካላገኘ ዝም ይላል። የጋሌ ደማቅ ቀለም ደብዛዛ ክፍል ውስጥም ከኋላው ትንሽ መብራት ቢያደርጉለት ይነሣል።

ወደ ማጭበርበሩ ልምጣ፤ ገዢው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና። በጋሌ ስም ሩማንያ ውስጥ የሚሠሩ ቅጂዎች አሉ። በሐቀኝነት ሲሸጡ ስሙ አጠገብ «ቲፕ» (በላቲን ፊደል TIP) የሚል ቃል አለባቸው፤ በሩማንያ ቋንቋ «ዓይነት» ማለት ነው፣ የጋሌ ዓይነት እንደ ማለት። ክፉ ሻጭ እጅ ሲገባ ያቺ ሦስት ፊደል ትፋቃለች። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ዕቃ ላነሣ ስል ከስሙ በስተግራ አውራ ጣቴ ልሙጥ ጎድጓዳ ነገር ነካ። በዓይን አይታይም ነበር፤ ወደ ብርሃኑ ስመልሰው የቀረው ገጽ ሻካራ ሆኖ ያቺ ቦታ ብቻ ታበራለች። መልሼ አስቀመጥኩት። ስለዚህ ከስሙ ግራና ቀኝ ሁልጊዜ በጣት ይዳስሱ። ቅጠሎቹ ሁሉ እኩል ከፍታና አንድ ዓይነት ቀለም ካላቸው፣ ጠርዛቸውም ደረቅ ከሆነ፣ ስሙ ምንም ቢያምር ይተዉት።

የላሊክ ማጭበርበር የተለየ ነው። ሬኔ በሕይወት ሳለ የተሠሩት ዕቃዎች በተለምዶ ከስሙ በፊት «አር.» የምትል ፊደል አለባቸው፤ «አር. ላሊክ» ይላሉ። ከሞተ በኋላ ልጁ ማርክ ፊደሏን ተዋትና «ላሊክ ፈረንሳይ» ብቻ ሆነ። ዋጋውን የምትለየው ይህች ፊደል በመሆኗ በኋለኛ ዕቃ ላይ የሚጨምሯት አሉ። ሌላም መደናገሪያ አለ፦ በቅርብ ጊዜ ዕቃዎች ላይ ከስሙ ቀጥሎ በክብ ውስጥ ያለች ትንሽ «አር» ትገኛለች። እሷ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ማለት ናት እንጂ ሬኔ ማለት አይደለችም። ዕቃውን ራሱንም ይመልከቱ። ማርክ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እርሳስ የተባለው ማዕድን ወደተቀላቀለበት ሙሉ ክሪስታል ስለተሸጋገረ አዲሱ ከበድ ይላል፣ ጥርት ብሎ ያብለጨልጫል። አሮጌው ለስለስ ያለ ነው፣ አንዳንዴም ግራጫ ወይም ቢጫ ጥላ አለው።

«ባካንት» የተባለውን ማስቀመጫ፣ ዙሪያውን ሴቶች የሚጨፍሩበትን፣ ላሊክ በ1927 ነደፈው፤ ዛሬም በክሪስታል ይሠራል። አበባ በየሳምንቱ የሚያስቀምጡበት ዕቃ ከፈለጉ አዲሱን ይግዙ፤ ውሃ በአሮጌ ብርጭቆ ውስጥ ነጭ ኖራ መሰል እድፍ ይተዋል፣ ለማስለቀቅም አስቸጋሪ ነው። አሮጌው ለማየት ነው።

ላሊክ በፎርማ ብቻ አልሠራም። አንዳንዱን በሰም ይቀርጸዋል፣ በጭቃ መሰል ነገር ይሸፍነዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያፈስሰውና በቦታው ብርጭቆ ይሞላል። አንጥረኛ ለወርቅ የሚያደርገው ነው፤ «ሰምና ወርቅ» የምንለው ቅኔም ስሙን ከዚሁ ሥራ አገኘ። ሽፋኑ ስለሚሰበር ዕቃው መንታ የለውም፤ አንዳንዱ ላይ ሰሙን የነካው ሰው የጣት አሻራ ቀርቷል። ዋጋው የእኔና የእርስዎ አይደለም፣ ሙዚየም ሄደው ግን ይዩት።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። ዶም ብርጭቆ ሠሪ የናንሲ ቤተሰብ ነው፤ ስማቸው ጎን ሁለት አግዳሚ ያለው የሎሬን መስቀል አለ። ቀለም በዱቄት መልክ ብርጭቆው ላይ ስለሚያቀልጡ የበረዶና የዝናብ ሥዕሎቻቸው ከጋሌ የኋለኛ ዕቃ ይልቅ ሕይወት አላቸው። ናንሲን የሚወድ ሰው የጋሌን ስም ትቶ ጥሩ ዶም ቢገዛ አይቆጭም። ሌላው ብርጭቆ ሠሪ ሳቢኖ ደግሞ የላሊክን ወተታማ ብርጭቆ በርካሽ ይተካል፤ ቅርጹ ግን ደብዘዝ ያለ ነው።

ጌጡን በተመለከተ ምርጫው ይጠባል። ላሊክ ከ1890ዎቹ እስከ 1912 አካባቢ የሠራቸው የወርቅና የኢናሜል (በሙቀት የሚቀልጥ ባለቀለም የብርጭቆ ዱቄት) ጌጦች ትልቅ ሀብት ይጠይቃሉ። ከኋላ ሽፋን የሌለው ኢናሜል በወርቅ ሽቦ ክፍልፋይ ውስጥ የቆመ ቀለም ነው፣ ብርሃን እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ያልፍበታል። አንድ ጊዜ ቢወድቅ ግን የሚጠግነው ብዙ ሰው የለም። በሊዝበን የጉልቤንኪያን ሙዚየም ያለው ከውኃ ተርብ አፍ የምትወጣው ሴት የዚህ ሥራ ጫፍ ናት።

ለመግዛት የሚቻለው ሁለት ነው፦ የላሊክ የብርጭቆ የአንገት ማንጠልጠያ፣ ወይም የቀንድ ማንጠልጠያ። ቀንድን ከዋንጫ እናውቀዋለን፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ እንደተፈለገ ይታጠፋል። ፓሪስ ውስጥ ኤሊዛቤት ቦንቴ የተባለች ባለሙያ ቀንዱን እየቀለመች ተርብና ቢራቢሮ ትቀርጽበት ነበር። ክብደት የለውም፣ ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ቢውል አይሰማም፤ ስሟ ከኋላ ተጭሮ ይገኛል። ጠላቱ ብል ነው፣ ደረቅ አየርም ይሰነጥቀዋል፤ ጥቃቅን የተበሉ ጉድጓዶች ካዩ ይለፉ። የላሊክ ብርጭቆ ከበድ ያለና ቀዝቃዛ ነው፣ ደረት ላይ ሲያርፍ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ለየቀኑ ቀንዱን፣ ለክት ብርጭቆውን እመርጣለሁ። የዝሆን ጥርስ ያለበት ጌጥ ከሆነ ድንበር ለማሻገር ፈቃድ ሊጠየቁ ስለሚችሉ ወረቀቱን ከመክፈልዎ በፊት ይጨርሱ። ወርቅ ነው ከተባለ የፈረንሳይ 18 ካራት ምልክት ትንሽ የንስር ራስ ነው፣ በአጉሊ መነጽር ይፈልጉት።

አሜሪካ ለሚኖር ሰው አንድ ነፃ ትምህርት አለ፦ ኒው ዮርክ አምስተኛ ጎዳና ላይ የቀድሞው የኮቲ ሕንፃ መስኮቶች የላሊክ ናቸው፤ ከእግረኛ መንገዱ ቀና ብሎ ማየት ነው።

ገንዘቡን ከመቁጠርዎ በፊት የማስቀመጫውን አፍ በጥፍርዎ ይዙሩት። የተሸረፈ አፍ ሲሞረድ ዕቃው ያጥራል፣ ጠርዙም ከሌላው ገጽ ይልቅ ሹልና ልሙጥ ይሆናል። መቀመጫውን ገልብጠው ለመብራት ሽቦ የተበሳ ቀዳዳ እንደሌለው ይዩ። ማንጠልጠያ ከሆነ ደግሞ ክሩን ሳብ አድርገው ቀዳዳውን ዙሪያውን ይመርምሩ፤ ሐሩ አዲስ ቢሆን ምንም አይደለም፣ በመቶ ዓመት ውስጥ ክር ይበጠሳል። ቀዳዳው አፍ ላይ ግን የተሰነጠረች ትንሽ ነጭ ቦታ ካለች ዋጋው መውረድ አለበት።