ለቺፕቲዩን ኮሞዶር 64 ወይስ አሚጋ?

ቺፕቲዩን ማለት በድሮ ኮምፒውተሮች የድምፅ ቺፕ የሚሠራ ሙዚቃ ነው፤ ኮሞዶር 64ም አሚጋም እንዲህ ያሉ የድሮ ኮምፒውተሮች ናቸው። ጅማ ውስጥ ማሽኑን ራሱን ማግኘት ዘበት ነው፤ የማወራው ላፕቶፕ ላይ በኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን በሚያስመስል ፕሮግራም) ስለሚሠራው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 ሲድ የሚባል የድምፅ ቺፕ አለው። በአንዴ ሦስት ድምፅ፣ አለቀ! ባስ፣ ዜማ፣ ከበሮ ስትል ሞላ። ኮርድ ካማረህ ኖታዎቹን በአንዱ ድምፅ ላይ በሰከንድ እስከ 50 ጊዜ እያፈራረቅክ ጆሮን ትሸውዳለህ፤ ያ የሚርገበገበው የድሮ ጌም ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ደግሞ ፊልተር አለው። የመጋዝ ጥርስ የሚመስለውን ሞገድ በፊልተሩ አለስልሰህ ከኖታ ወደ ኖታ ቀስ እያልክ ስታንሸራትተው ማሲንቆ ማሲንቆ ይላል። በትዝታ ቅኝት ሞክረውና ፍረድ።

አሚጋ (እ.ኤ.አ. 1985) ሌላ ነገር ነው። አራት ቻናል (በአንዴ አራት ድምፅ) አለው፣ የሚያጫውተውም የተቀዳ 8 ቢት ድምፅ ነው። ሄርማታ መርካቶ ወርደህ የባጃጅ ጡሩምባ በስልክህ ቅዳ፣ ወደ 8 ቢት ቀይረው፣ በቃ መሣሪያ ሆነልህ። የክራር አንድ ኖታ ካለህም ትራከሩ (ኖታ የምትደረድርበት የሙዚቃ ፕሮግራም) ከፍና ዝቅ አድርጎ ዜማውን ይጫወትልሃል፣ ብዙ ከፍ ስታደርገው ግን ክራሩ ይቀጥናል። ሁለቱ ቻናል በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ ስለሚወጡ በኢርፎን ትንሽ ያናድዳል።

ለጀማሪ አሚጋ ይቀላል፣ አልዋሽም። እኔ ግን ሲድን አለቅም፤ አንድ ሙሉ ዘፈን ጥቂት ኪሎባይት ስለሆነ ኔትወርክ በተንቀራፈፈበት ቀን እንኳ በቴሌግራም ውልብ ብሎ ይሄዳል።