የቢከን መቀበያ ወይስ አርቲኬ? ዲጂፒኤስ ልትገዙ ላሰባችሁ የጎጃም ቀያሾች

ሰሞኑን ከደብረ ማርቆስ አንድ ወጣት ቀያሽ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ያገለገለ ዲጂፒኤስ በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ልግዛው?» አለኝ። ፎቶውን ላከልኝ። የቢከን መቀበያ ነው። ተወው አልኩት።

ግራ መጋባቱ ከስሙ ይጀምራል። እኛ ዘንድ በሴንቲ ሜትር የሚለካውን ሁሉ ዲጂፒኤስ ነው የምንለው። ይሄኛው ግን ሌላ ነው፤ እርማቱን፣ ማለትም የጂፒኤስን ስህተት የሚያስተካክለውን መረጃ፣ ከሩቅ የሬዲዮ ማማ የሚሰማ መሣሪያ ነው።

የማማዎቹ ታሪክ ደስ ይለኛል። የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከኒውክሌር ጥቃት በኋላም ትእዛዝ እንዲተላለፍ ብሎ 91 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ማማዎችን አቆመ። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ሥራ ፈቱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ከመፍረስ ይልቅ የጂፒኤስ እርማት ማሰራጫ መሆን ጀመሩ። ሞገዱ ከ285 እስከ 325 ኪሎኸርዝ ነው። መሬት ለመሬት ስለሚሄድ ተራራ እምብዛም አያግደውም፤ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጮቄ ላይ ሬዲዮ ይዞ ለተንከራተተ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካዎቹ ጣቢያዎች ሙሉ በሙሉ ተዘጉ። ጎጃም ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ማሰራጫ የለም። ማማው ከሌለ መሣሪያው ተራ ጂፒኤስ ነው። ማማ ቢኖር እንኳ የሚሰጠው ከ1 እስከ 3 ሜትር ነው። አንድ ቃዳ መሬት 50 በ50 ሜትር ቢሆን፣ ድንበሩ በአንድ ጎን 1 ሜትር ሲገፋ 50 ካሬ ሜትር ይሄዳል። ይህን ለገበሬው ማስረዳት አይቻልም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ያጣላል።

በሴንቲ ሜትር የሚለካው አርቲኬ ውድ ነው፤ ግን ማማውን ይዛችሁት ትዞራላችሁ ማለት ነው። አንዱ መሣሪያ ቤዝ ሆኖ በታወቀ ነጥብ ላይ ይቆማል፤ ሌላው ሮቨር ሆኖ ይለካል። ስህተቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከቤዙ በራቃችሁ ቁጥር ግን ይጨምራል። ድክመቱ ሬዲዮው ነው። ኮረብታ ከጋረደው ይቋረጣል፤ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ታዩታላችሁ። ስለዚህ በሲም ካርድም እርማት የሚቀበለውን ምረጡ።

ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲውን፣ ማለትም ከሳተላይቱ አንድ ሞገድ ብቻ የሚቀበለውን፣ አትግዙ። አገራችን ለማግኔት ወገብ ቅርብ ናት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከላይ ያለው አየር የሳተላይቱን ሲግናል ይረብሻል። ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲው በደንብ ይቋቋማል፤ ያም ሆኖ ዋናውን ሥራ ጠዋት ጨርሱ።

የእጅ ጂፒኤስ? ለመንገድ ፍለጋና ለግምት ይበቃል። «ዋስ (WAAS፣ በሳተላይት የሚላክ እርማት) አለው» ቢሏችሁ ዋጋ አትጨምሩበት፤ የዋስ እርማት ለሰሜን አሜሪካ ነው የተሠራው።

የትኛውንም ብትገዙ አዲንዳንንና ደብሊውጂኤስ 84ን አትቀላቅሉ፤ ሁለቱም የቦታ ቁጥሮች የሚነሱባቸው መነሻዎች (ዳተም) ናቸው፣ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሁለተኛውን ነው። የድሮ ካርታዎቻችን በአዲንዳን ናቸው። ልዩነቱ ከ200 ሜትር ያልፋል፤ ያን ደግሞ የትኛውም ውድ ዕቃ አያርምላችሁም።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሜዳ ይዛችሁት ውጡ። ቤዙን አቁማችሁ ሮቨሩን 2 ኪሎ ሜትር ያህል አርቁት። ስክሪኑ ላይ «ፊክስድ» የሚለው (ልኬቱ በሴንቲ ሜትር ደረጃ ጸንቷል ማለት ነው) መጥቶ ካልቆየ ዕቃውን መልሱለት።