ከዋጋው ወረቀት ስር ባርኮድ አገኘሁ

ይሄን የምጽፈው ሳልበርድ ነው። ትናንት ማታ ጀምሬው ነበር፣ ስድብ ብቻ ሆነብኝና አጠፋሁት። ዛሬም ብዙ የተሻለኝ አይመስለኝም። በ650 ዶላር የገዛሁት "ኦሪጅናል" የሙዚቃ ሸክላ የትም በ30 ዶላር የሚገኝ አዲስ ህትመት ሆኖ ተገኘ። እዚሁ ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ሌላም ቦታ ሆናችሁ የድሮ ሸክላ መሰብሰብ የጀመራችሁ አበሾች፣ ይቺን አንብቡልኝ።

የሱቁን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ሶፋው ለስላሳ፣ ቡናው በነጻ። አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ ላይ ዋጋ የለም፤ መጠየቅ ራሱ ነውር ይመስላል። ሸክላዎቹ ላይ ብቻ ትልልቅ ነጭ የዋጋ ወረቀት ተለጥፏል። ሰውዬው ሻጭ አይመስልም። እንደ ንስሐ አባት ረጋ ብሎ፣ ዓይን ዓይንህን እያየ ነው የሚያወራው። በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ "ጆሮ ያለው ሰው" ይላል። ጆሮ ያለው ሰው ይሄን ይለየዋል፣ ጆሮ ያለው ሰው ያንን ሰምቶ መታገስ አይችልም። ታዲያ ማን ነው ፊት ለፊቱ ቆሞ "እኔ ጆሮ የለኝም" የሚለው?

እኔ የሄድኩት መርፌ ልገዛ ነው። መርፌ!

አባዬ ከአዲስ አበባ መጥቷል። 78 ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ ሸክላዎች ነበሩት። ካሴት ሲመጣ ማጫወቻው ተበላሸ፣ ሸክላዎቹን ለሰፈር ልጆች ሰጠ፣ እነሱም ሜዳ ላይ እያበረሩ ሰባበሯቸው። ይሄን ታሪክ በየዓመት በዓሉ ይነግረናል። እኔ ደግሞ ጎረቤቴ ቤት ሲቀይር በ60 ዶላር የሸጠልኝ ማጫወቻ ነበረኝ። የጎደለው መርፌው ብቻ ነው። 45 ዶላር ከፍዬ፣ አመስግኜ መውጣት የምችል ሰው ነበርኩ እኮ።

"ከየት ነህ?" አለኝ። ከኢትዮጵያ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ዓይኑን ጨፈን አድርጎ "ሙላቱ" አለ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። በዚህ አገር 19 ዓመት ስኖር፣ ከየት ነህ ብሎ ጠይቆኝ ቀጥሎ ስለ ረሃብ ወይም ስለ ሯጭ ያላወራኝ ፈረንጅ በጣት ይቆጠራል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሰውዬው ማንኛውንም ነገር ሊሸጥልኝ ይችል ነበር። ሸጠልኝም።

መጀመሪያ ኬብል። ሶፋው ላይ አስቀመጠኝና በተራ ሽቦ አጫወተ። ከዚያ አጠፋው፣ እባብ የሚመስል ወፍራም ኬብል ሰካ፣ ወደ አምፕሊፋየሩ ተመለሰና ቁልፉን ነካ አደረጋት። "ሰማኸው?" "ሰማሁት" አልኩ። በእርግጥም ሰምቻለሁ። ድምፁን ጨምሮታላ! ጆሮ ደግሞ ድምፅ በጥቂቱ ከፍ ሲልለት "ጮኸ" አይልም፣ "ጠራ" ነው የሚለው። ድምፅ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ሁለት ዕቃ ከማወዳደራቸው በፊት መጠኑን እኩል የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ይሄን ቀድሞም አውቀው ነበር፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። እጁ ቁልፉን ሲነካ በዓይኔ አይቻለሁ። 480 ዶላር።

ቀጥሎ ወደ ጓዳ ገባና ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቆ መጣ። ሙላቱ አስታጥቄ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1972 ኒውዮርክ ላይ ያወጣውን አልበም እንደ ታቦት ተሸክሞታል። "የመጀመሪያው ህትመት" አለኝ። "ኦሪጅናል። እንደዚህ ያለ በዓመት አንድ ቢመጣልኝ ነው።" ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ፤ የእጅ ቅባት ያበላሸዋል ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ፊቱን ብቻ አሳየኝ። ጀርባውን ለአፍታ ሲያዞረው ያየሁት 650 የሚል ትልቅ ነጭ ወረቀት ነው። ዓይኔም እዚያው ቁጥሩ ላይ ቀረ።

አሁን ሳስበው የሚያቃጥለኝ፣ ዋጋውን ያስወደድኩት እኔው ራሴ መሆኔ ነው። እሱ ብዙም አላወራም። እኔ ነኝ ስለ ሙላቱ ያስተማርኩት! ጅማ እንደተወለደ፣ እንግሊዝ አገር ምህንድስና ይማራል ተብሎ ተልኮ ሙዚቀኛ እንደሆነ ነገርኩት። አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ የማሳተም መብት የአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነው የተባለውን ችላ ብሎ የራሱን ማሳተሚያ እንዴት እንደጀመረ ተረኩለት። ደርግ ሲመጣ በሰዓት እላፊ የምሽት ክበቡ እንደሞተ፣ ሸክላውንም ካሴት እንደገደለው፣ ዓለም ደግሞ በ1997 የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ እንደገና የሚያሳትመው የኢትዮፒክስ የአልበም ተከታታይ ሲጀመርና በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም ላይ የሙላቱ ሙዚቃ ሲሰማ እንደነቃ ሁሉ ነገርኩት። እሱ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ስጨርስ "እንግዲህ ካንተ የበለጠ ይሄን ሸክላ የሚያከብር ሰው ማን አለ?" አለኝ። ማን አለ? ካርዴን አወጣሁ።

አንድ ጥያቄ ግን ጠይቄው ነበር፣ ያቺን ያዙልኝ። "ይሄ እኮ እንደገና ታትሟል፤ አዲሱ በርካሽ ይገኛል አይደል?" አልኩት። ፊቱን አጨፈገገ። "አዲሱ ሬሳ ነው" አለኝ። "ነፍስ የለውም። ጆሮ ያለው ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ይለየዋል።"

ሰኞ ማታ ነው። አባዬ ሳሎን ዜና ያያል። ሸክላውን ከነዋጋው ልሰጠው አልችልም። 650 የሚለውን ካየ በብር ያባዛዋል፣ ካባዛው ደግሞ እራቱን አይበላም። ስለዚህ መኝታ ቤት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ የሚስቴን የጸጉር ማድረቂያ ሰካሁ። ሽፋኑ እንዳይቀደድ ብዬ ነው። የ50 ዓመት ካርቶን ነዋ! ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርጌ፣ ከጠርዙ ጀምሬ በጥፍሬ ቀስ፣ ቀስ፣ ትንፋሼን ውጬ። ሙጫው ገና እርጥብ ነበር። ያኔ እንኳን አልነቃሁም። "ጥሩ ሱቅ ነው፣ ጥሩ ሙጫ ይጠቀማሉ" ነው ያልኩት ለራሴ፣ በእግዚአብሔር።

መጀመሪያ አንዲት ጥቁር መስመር ታየችኝ። ህትመት ነው ብዬ ላጥ አደረግኩ። ሁለተኛ መስመር። ሦስተኛ፣ ቀጠን ያለች። ከዚያ ከስሯ ቁጥር። ከቁጥሩ ስር በደቃቅ ፊደል 2017።

ማድረቂያው በእጄ እየጮኸ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ሚስቴ ምን ተቃጠለ ብላ ስትገባ ጣቴን ሽፋኑ ላይ ቀስሬ አገኘችኝ። ባርኮድ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ባርኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው በሰኔ 1974፣ ኦሃዮ ውስጥ ትሮይ በምትባል ከተማ፣ አንድ ፓኮ ማስቲካ ላይ ነው። ሸክላዬ በ1972 ታተመ ተባልኩ። ማስቲካውን ሁለት ዓመት ቀድሞታል ማለት ነው! የዋጋው ወረቀት ያን ያህል ትልቅ የሆነበት ምክንያት ተገለጠልኝ። ዋጋ ለማሳየት ሳይሆን ለመሸፈን ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ለክቶ፣ ባርኮዱም ዓመቱም እንዳይታዩ አስተካክሎ ለጥፎታል። እኔ ደግሞ በጓንት የያዘልኝን ዕቃ በአክብሮት እያየሁ ነበር።

ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ንስሐ አባቱ "የለም"። ወጣቱ ልጅ ነው ያለው። የዋጋ ወረቀቶቹን ጥቅልል ይዞ አዲስ ሸክላዎች ላይ እየለጠፈ ነበር። አዎ፣ ያንኑ ትልቁን ነጭ። አስረዳሁት። መለጠፉን አላቆመም። "ኦሪጅናል ስንል ኦሪጅናል አልበሙ ማለታችን ነው፣ ሌላ ሰው የተጫወተው አይደለም" አለኝ። የመጀመሪያው ህትመት ብሎኛል እኮ አልኩት። ደረሰኙን አየው። "እዚህ ላይ ሙላቱ፣ አንድ ሸክላ ነው የሚለው። የተገዛ ሸክላ አንመልስም።" ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ ሶፋው ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ዞሩ። ያኔ ፈገግ አለና፣ ለሕፃን እንደሚነገር ዘርዘር አድርጎ፣ "ሙዚቃው ያው አይደለም እንዴ? የአገርህ ሙዚቃ ነው፣ አዳምጠው" አለኝ።

ሙዚቃው ያው ነው! ቅዳሜ ሬሳ የነበረው ማክሰኞ ተነሳ። ደሜ ፈላ። መልስ ፈለግኩ፣ በአማርኛ ብቻ መጣልኝ፣ እሱንም እዚህ አልጽፈውም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሳነብ አደርኩ። የኔ ቢጤ ብዙ ነው። ሞባይል ፊደሊቲ የሚባለውን የአሜሪካ አሳታሚ ታውቁታላችሁ፤ ሙዚቃው መጀመሪያ ከተዘጋጀበት ከኦሪጅናሉ የማስተር ቴፕ ነው የምናሳትመው የሚለው፣ ውዱ። በ2022 ለዓመታት በቴፑና በሸክላው መሀል ዲጂታል ቅጂ ሲጠቀም እንደነበር ወጣ። ዲጂታል ከነካካው ወዲያው ይታወቀኛል ብለው የሚምሉ ሰዎች እነዚያኑ ሸክላዎች እያደነቁ ሲገዙ ነው የኖሩት። ነገሩን ያወጣው ደግሞ ጆሮ አይደለም። ጭምጭምታው በዛ፣ አንድ የሸክላ ነጋዴ ሄዶ ጠየቃቸው፣ ኢንጂነሮቹ በራሳቸው አፍ ተናገሩ። ገዢዎቹ ከሰሱ፣ ነገሩ በ25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሄን ሳነብ ትንሽ ቀለለኝ። ባለ 100 ሺህ ዶላር ስፒከሩም ያው እንደኔ ነው።

ሸክላውን ለአባዬ አጫወትኩለት፣ ምን ላድርገው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ መሣሪያ አለው፤ ዘንበል ብሎ አዳመጠ። አንድ ዘፈን እንኳን ሳያልቅ "ይሄ አዲስ ነው አይደል?" አለኝ። እንዴት አወቅክ ስለው "የኛዎቹ ቆሎ የሚታመስ ነበር የሚመስሉት። ይሄ ጸጥ ብሏል" አለ። ከዚያ ስንት እንደገዛሁት ጠየቀኝ። 30 ዶላር አልኩት።

"30!" አለ። "ለአንድ ሸክላ? ሸውደውሃል፣ ልጄ።"

ለምትገዙ፦ ሸክላውን በእጃችሁ ካልሰጧችሁ ውጡ። ዘፈኑ አልቆ መሀል ላይ ካለው ክብ ወረቀት በፊት ባለው ባዶ ጠርዝ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ ስልካችሁን አውጡና ድስኮግስ በሚባለው የሸክላ ህትመቶች መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ከመጀመሪያው ህትመት ቁጥር ጋር አመሳክሩ። ደረሰኙ ላይ "የመጀመሪያ ህትመት፣ 1972" ብለው እንዲጽፉ ጠይቁ፤ ካመነቱ መልሱን አገኛችሁ። ለኬብል ደግሞ የሃርድዌር መደብር የመዳብ ሽቦ ለሳሎን ይበቃል።

ባንኩ ክፍያውን እየተከራከርኩ መሆኑን መዝግቦልኛል፣ ወረቀቱን ከነሙጫው አስቀምጬ ፎቶውን ልኬላቸዋለሁ። ኬብሉ ገና ከፌስታሉ አልወጣም። ደረሰኙ ጀርባ ላይ ሸክላ አይመለስም ይላል እንጂ ኬብል በ14 ቀን ይመለሳል ይላል። ዛሬ አምስተኛው ቀን ነው። ቅዳሜ ንስሐ አባቱ ይኖራል ብለውኛል፣ በር ሲከፈት እዚያ ነኝ። የሚለኝን መጥቼ እጽፍላችኋለሁ።